ስለ ተጫዋቾች ጠባይና ስለሚቀርብላቸው ጥያቄ

ከጥቂት ወራት በፊት በቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከኛ ጋራ የሚኖረው የወንድማችን ልጅ ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ዓመት ነው፤ ትምህርቱን አጥንቶ ከጨረሰ በኋላ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይጫወታል። ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ፥ ነገሥታት መንግሥት የሚያቆሙበት፥ ጦር የሚያዘምቱበትና የባላጋራን ከተማ የሚይዙበት ነው ተባልን። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ ልጁ ደም ማፍሰስን በጨዋታ ይለማመዳል ብለን ሠጋንና ኮምፒዩተሩ ከቤት ይውጣ ስንል ፈረድን። እናቱ ግን፥ «ጋሼ፥ ፍርዱስ ይሁን፤ የተከሳሽን ቃል ሳይሰሙ መፍረድ ግን ከመቼ ወዲህ ነው?» ብትለን እጅግ አፈርን። የሰውን ቃል ስንቀበልና ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ነንና።

ስለዚህ ልጁን ከመጠየቃችን አስቀድመን፥ የዚህን ዓይነት ጨዋታ ተጫዋቾች ሌሎች ሰዎች ምን ብለው እንደ ጠየቋቸውና ምን እንዳገኙ ማንበብ ጀመርን። የተረዳነውም ነገር ልጅ ላለበት ቤት ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ እነሆ ለአንባቢዎቻችን አቀረብነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስትራቴጂ የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ በእጅ ፍጥነት ብቻ የሚረታበት አይደለም። ያለውን ሀብት መጥኖ፥ የሚመጣውን አስቀድሞ አስቦ፥ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ትቶ የሚጫወቱት ነው። ከነዚህም መካከል ስሙ እጅግ የታወቀው ሲድ ማየር ከብሩስ ሼሊ ጋራ ሆኖ በ1991 ያወጣው ሲቪላይዜሽን ነው። ተጫዋቹ ክርስቶስ ከመወለዱ 4000 ዓመት በፊት አንዲት ከተማ ቆርቁሮ ይጀምራል፤ ሕዝቡን ጽሕፈትና የብረት ሥራ እያስተማረ በየዘመናቱ አልፎ እስከ ሰማይ መርከብ ድረስ ይደርሳል። ባላጋራዎቹን ሁሉ በጦር ያጠፋ ያሸንፋል፤ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ሕዝቡን በመርከብ ወደ ሌላ ኮከብ የሰደደም እንዲሁ ያሸንፋል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ይህንኑ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ ቢባል፥ የሁለቱም ሥራ አንድ ነው ማለት አይደለም።

የኛም አገር በዚህ ጨዋታ ውስጥ ስፍራ አላት። ለአራተኛው ሲቪላይዜሽን በ2007 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያን የሚመሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ለአምስተኛው በ2012 በወጣው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ ለስድስተኛው በ2020 በወጣው ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በዚህ በመጨረሻው ላይ ኢትዮጵያ ከተሞቿን በኮረብታ ላይ ብትቆረቁር ዕውቀትና ጥበብ ይበዛላታል፤ ወታደሮቿም በኮረብታ ላይ ቆመው ሲዋጉ ይበረታሉ፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም ትሠራለች። ይህን ያሰቡት ሰዎች የአገራችንን መልክዐ ምድር በመጠኑም ቢሆን ተመልክተዋል አልን።

ተጫዋቾችን በጠባያቸው የመለየት ሥራ ግን የተጀመረው በስትራቴጂ ጨዋታ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች ከ1978 ጀምሮ ሙድ የሚባል ጨዋታ ሠሩ፤ ይኸውም ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ነው። በ1989 መጨረሻ ነባሮቹ ተጫዋቾች «ሰው ከዚህ ጨዋታ የሚፈልገው ምንድን ነው?» በሚል ነገር መከራከር ጀመሩና እስከ ሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ድረስ ተከራከሩ። ባርትልም ክርክሩን አጠቃልሎ በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በካርታ ላይ ባሉት አራት ምልክቶች መሰላቸው። ሀብትና ማዕርግ የሚሰበስበውን በአልማዝ፥ የተሰወረውን የሚመረምረውን በአካፋ፥ ወዳጅ የሚፈልገውን በልብ፥ ሌላውን መምታት ደስ የሚያሰኘውን በዱላ መሰለው። ምሳሌው ያማረ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ከክርክር የተገኘ እንጂ በቁጥር የተመረመረ አልነበረም።

በቁጥር የመረመሩት ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት ናቸው። ኒክ ዪና ኒኮላ ዱሽኖ የተባሉ ሊቃውንት ኳንቲክ ፋውንድሪ የሚባል ድርጅት አቁመው ከ2015 ወዲህ አንድ መጠይቅ ለተጫዋቾች አቀረቡ። ጥበባቸው በዚህ ላይ ነው፤ መጠይቁን የመለሰ ሰው ጠባዩ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋራ ሲመዛዘን ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ጽሑፍ ወዲያው ይቀበላል። ሰው ስለ ራሱ መስማት ስለሚወድ፥ ገንዘብ ሳይከፈለው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሕዝብ መልሶላቸዋል። ከመልሶቹም ሰውን ወደ ጨዋታ የሚስቡ ዐሥራ ሁለት ምክንያቶችን ለዩ፤ ማፍረስ፥ መፎካከር፥ ከሰው ጋራ መተባበር፥ ተረት መከተል፥ ያልታወቀን ነገር መፈለግ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። አስቦና አቅዶ መሥራትም ለብቻው ተቈጥሯል። ልብ በሉ፤ ማፍረስን የሚወድና ማቀድን የሚወድ በነሱ መዝገብ ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው፤ እኛ ግን ጦር በሚል አንድ ቃል ሁለቱን ደባልቀን ፈርደን ነበር።

በ2016 ያወጡት አንድ ነገር ለኛ ዕድሜ ላሉት ደስ የሚያሰኝ ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከሁሉ ይልቅ የሚቀንሰው የመፎካከር ፍቅር ሲሆን፥ ከሁሉ ይልቅ ሳይለወጥ የሚቈየው አስቦ የመጫወት ፍቅር ሆኖ ተገኘ። በ2024 የጻፉት ግን የሚያሳስብ ነው። አስቦና አቅዶ መጫወትን የሚወዱት ሰዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ሄደዋል አሉ፤ በዚያን ጊዜ ከመለሱት ተጫዋቾች ከመቶ 67ቱ በ2015 ከነበረው መካከለኛ ተጫዋች ይልቅ ለማቀድ ያላቸው ፍቅር ያነሰ ነው። ነገሩ ባይለወጥ ኖሮ ቁጥሩ ከመቶ ኀምሳ ግድም ይሆን ነበር። የሰው ልብ በአንድ ነገር ላይ ጸንቶ መቈየት እያቃተው መሄዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ብለው ቢጠቅሱም ቈርጠው አልፈረዱም፤ ባይፈርዱም መልካም አደረጉ። ጨዋታ የሚሠሩ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ቁጥር እያዩ ገንዘባቸውን የሚያወጡ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የተሰጠ መልስ ነገ ለልጆቻችን የሚቀርበውን ጨዋታ ይወስናል።

በዚህ ላይ አንድ ጥርጥር አለን። መጠይቅ የሚመልስ ሰው በፈቃዱ የመጣ ነው፤ ያልመጣው ምን እንደሚል አይታወቅም። ደግሞም ሰው የሚሠራውን ሳይሆን ሊመስል የሚወደውን ይናገራል፤ ይህንንስ ከሥራችን የተነሣ ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ሲድ ማየር በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ ለጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ የተናገረው ለዚህ ምስክር ይሆናል። ጨዋታውን የሚፈትኑት ሰዎች ሦስት እጅ ኃይል ይዘው አንድ እጅ ኃይል ካለው ጋራ ሲዋጉ፥ በሒሳቡ ከአራት ጊዜ አንዱን መሸነፍ የሚገባቸው ሆኖ ሳለ፥ በተሸነፉ ጊዜ ጨዋታው ተበላሽቷል ብለው ጮኹ። እነሱ አንድ እጅ ይዘው ሦስት እጁን በድንገት ሲያሸንፉ ግን አንድም የጮኸ የለም። ሁለት ለአንድ ሆነው መሸነፍን የታገሡት ሰዎችም ሃያ ለዐሥር ሆነው መሸነፍን እንቢ አሉ፤ ሒሳቡ ያው እንደ ሆነ ልባቸው አልተቀበለውም። ሠሪዎቹም ሒሳቡን ትተው ጨዋታውን እንደ ሰው ልብ አስተካከሉት። ያን ተጫዋች በወረቀት «ትክክለኛ ዕድል ትወዳለህን?» ቢሉት አዎን እንደሚል አንጠራጠርም።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ልጁን አስቀርበን ቃሉን ተቀበልን። ምን ትወዳለህ አላልነውም፤ ትናንት ማታ መጀመሪያ ምን ሠራህ፥ ከዚያስ ምን አደረግህ እያልን ደረጃ በደረጃ ጠየቅነው።

«ጋሼ፥ ሁልጊዜ የምጫወተው በምኒልክ ነው። ከተሞቼን በተራራ ላይ እቈረቁራለሁ፤ አብያተ ክርስቲያናት እፈለፍላለሁ፤ መንገድ አወጣለሁ» አለን።

«ጦርነትስ?»

«እኔ ጀምሬ አላውቅም።»

«ጠላት ሲመጣብህስ?»

በዚህን ጊዜ ዐይኑን ወደ ምድር አደረገ። «ከተማ ከወሰዱብኝ ጨዋታውን አቋርጬ ካስቀመጥኩት ከፊተኛው ስፍራ እንደ ገና እጀምራለሁ» አለ። እስከ መጨረሻው ጨርሰህ ታውቃለህን ብንለው፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ ነገረን።

እናቱ ተመለከተችን፤ እኛም ዝም አልን። ደም ወዳድ ነው ብለን የከሰስነው ልጅ ጦርነት ጀምሮ የማያውቅ ሆነ። ነገር ግን ያልጠረጠርነው ሌላ ነገር ተገለጠ፤ ይኸውም መሸነፍን መታገሥ አለመቻሉ ነው። ኮምፒዩተሩን ከቤት አውጥተን ቢሆን ኖሮ ይህን ከቶ ባላወቅነውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በፈተና ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያገኝ ደብተሩን ለምን እንደሚሸሽግ በመጠኑ ገባን።

ሳይጨርሱ መተው ግን የሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። የዚሁ ጨዋታ ሠሪዎች ብዙ ተጫዋቾች ጀምረው እንደማይጨርሱ ከመዝገባቸው ተረድተው፥ በ2025 የወጣውን ሰባተኛውን ሲቪላይዜሽን በሦስት ዘመን ከፈሉት፤ ተጫዋቹም ከዘመን ወደ ዘመን ሲሻገር የሚገዛውን ሕዝብ እንዲለውጥ አደረጉ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ለብዙዎች መራራ ሆነባቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሕዝብ ይዘን እንድንሄድ ፍቀዱልን ብለው አጕረመረሙ። የኛም ልጅ ከነዚያ አንዱ ነው፤ «ምኒልክን ጀምሬ በሌላ ልጨርስ?» ብሎ ተቈጣ።

ከዚያ በኋላ ልጁ፥ «አሁን ተራው የእኔ ነው፤ እርስዎም ይመልሱ» ብሎ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቀረበ። አስቦና ተጠንቅቆ መጫወትን ትወዳላችሁ ወይስ ፈጥኖ መምታትን የሚለውን ሲያነብልን፥ ያለ ጥርጥር አስቦና ተጠንቅቆ መጫወትን አልነው። ተራ ጠብቆ ወይስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅስ የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ግን አሳሰበን፤ በኛ አገር ሰንጠረዥ ሁለቱም አሉና። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ወረራ የሚባለው አለ፤ በዚያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ እያንዳንዱ እንደ ፈቀደ እንደ ቻለ ያንቀሳቅሳል። የፊተኛው መበላላት ከሆነ በኋላ ግን ተራ ይያዛል። የዛሬዎቹ ጨዋታ ሠሪዎች በሁለት ወገን ከፍለው የሚሸጡትን አባቶቻችን በአንድ ገበታ ላይ አስማምተውት ነበር። የአረታቱም ነገር ማዕርግ ነበረው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በ1868 በታተመው መጽሐፉ እንደ ጻፈው፥ ንጉሡን በደርና በፈረስ መርታት ብዙ አያስመሰግንም፤ ደካማ በሆኑት በፊልና በመደቅ የረታ ግን ይወደስ ነበር። እንግዲህ ማሸነፉን ብቻ ሳይሆን አሸናነፉንም መጠየቅ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ይህን ለልጁ ብንነግረው፥ «እንግዲያስ እንጫወት» አለ። የአባታችንን ገበታ ከሣጥን አወጣን፤ አንድ ፊል ጠፍቶ ስለ ነበር በስፍራው የክር ማጠንጠኛ አቆምን። ወረራው ተጀመረ። ልጁ መደቆቹን አንድ በአንድ እያሰለፈ ሲያጥር፥ እኛ እጃችን ከሐሳባችን ቀድሞ ፈረሳችንን ብቻውን ወደ መካከል ሰደድነው፤ የመጀመሪያውም የተበላ እሱ ሆነ። ሁለተኛ ገጠምን፤ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው እሱ ተሸነፈና ገበታውን ሊገለብጥ እጁን አነሣ፤ እናቱ በዐይኗ ብትገሥጸው እጁን መልሶ፥ «እንደ ገና» አለ። አራተኛውን እስከ መጨረሻው ተጫውተን እሱ በፊል ረታን።

በማግሥቱ ወረቀቱን በጠረጴዛችን ላይ አገኘነው። አስቦና ተጠንቅቆ መጫወትን እንወዳለን ካልነው መልስ አጠገብ፥ «ተጠያቂው ሁለት ጊዜ ፈረሳቸውን ያለ ጠባቂ ሰድደው አስበልተዋል» ብሎ በጥሩ ጽሕፈት ጽፎበታል። ከበታቹም ስለ ራሱ፥ «አንድ ጊዜ ተሸንፌ ጨዋታውን አላቋረጥሁም» የሚል ጨምሯል። ኮምፒዩተሩ ከቤት አልወጣም፤ የጠፋውንም ፊል እያስፈለግን ነው።