የጁገልን ግንብ ስናነብ

በጅማ ከተማ በቦሳ ኪቶ ያደገ ተማሪ «የከተማ ቅጥር» ሲባል ቢሰማ በሐሳቡ ቶሎ የሚመጣለት ድንጋይ አይደለም። የጅማ ነገሥታት አገራቸውን ያጠሩት በጥልቅ ጉድባና በእንጨት አጥር፥ ሰው ሳይሰፍርበት በተተወ የጠረፍ መሬትም ነበር፤ መግቢያ መውጫውንም ኬላ ይጠብቀው ነበር። ጉድባ ግን ይሞላል፥ እንጨትም ይበሰብሳል። ሲደራረብ የኖረ የግንበኛ ሥራ ለመመርመር የፈለግን እንደ ሆነ ወደ ሐረር መሻገር አለብን።

የሐረርን ጁገል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸው ይነገራል። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጥንታውያኑ በሮች አምስት ሲሆኑ፥ ስድስተኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለመኪና ማለፊያ የተከፈተ ነው። ዩኔስኮ ከተማውን ከነግንቡ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀመጥ፥ ግንቡ በቅርቡ የታደሰ፥ ድንጋዩም በጭቃ የተያያዘ መሆኑን ጽፏል። «በቅርቡ የታደሰ» የሚለውን ቃል እንዲሁ ልናልፈው አይገባም። አሚር ኑር ከሞቱ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፥ ግንበኞች ገና ሥራ ላይ ነበሩ ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ከተማውን ያዙ፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ደግሞ በምኒልክ ግዛት ገባ። እንግዲህ ዛሬ የምናየው ግንብ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ዘመን ሥራ ነው ለማለት አይቻልም።

ታዲያ የቱ ከየትኛው ይቀድማል? መልሱ ያለው ከግንቡ ፊት ነው። የድንጋዩ መጠንና አጠራረብ በድንገት የተለወጠበትን መሥመር፥ የጭቃው ቀለም የተለየበትን ቦታ፥ ሁለት ግንቦች ድንጋያቸው ሳይቆላለፍ እንዲያው ተጠጋግተው የቆሙበትን ስንጥቅ ማስተዋል ያስፈልጋል። አዲሱ ግንብ በአሮጌው ላይ ይደገፋል እንጂ አሮጌው በአዲሱ ላይ አይደገፍም። ለዚህ ሥራ ብዙ መሣሪያ አያሻም፤ ሜትር፥ እርሳስ፥ ካሜራና ትዕግሥት ይበቃል። ከአራቱ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው።

ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጠላት ሳይሆን ከሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ችግሩም ይኸው ጥንካሬው ነው። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ውሃ ቢገባበት በመጋጠሚያው በኩል ተንፍሶ ይደርቃል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ የተደፈነ እንደ ሆነ ግን ርጥበቱ በድንጋዩ በኩል መውጣት ግድ ይሆንበታል፤ ጨውም ይዞ ይመጣና የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ጎንደር ይህን ቀምሳዋለች፤ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የፋሲል ግቢን በሲሚንቶና በብረት ጠግነውት ነበርና፥ በኋላ በተደረገው እድሳት ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ መተካት አስፈለገ። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የተጻፈው የቅርስ ጥበቃ ቻርተር፥ በአንድ ሕንጻ ላይ እያንዳንዱ ዘመን የጨመረው ሥራ እንዲከበር፥ አዲስ የሚጨመረውም ከአሮጌው ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ይህን ሕግ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ በጀት ሳይመለስ ሥራው እንዲያልቅ የቸኮለ ወጣት ሹም ነው። ግንቡን ፎቶግራፍ ሳያስነሣ፥ ሳያስለካ ለተቋራጭ ያስረከበ እንደ ሆነ፥ አራት መቶ ዓመት የተጻፈው በአንድ በጋ ይደመሰሳል።

ለጅማም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨትና የጭቃ ሥራ ስለ ሆነ፥ ከድንጋይ ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ ጥገናውም ቶሎ ቶሎ ይመጣል። የበሰበሰ ምሰሶ ከመነቀሉ በፊት የቆመበት ቦታ፥ የእንጨቱ ዓይነትና አገጣጠሙ በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። አንድ ጊዜ ከተነቀለና ማገዶ ከሆነ ወዲያ፥ የአናጢውን እጅ ከየት አምጥተን እናያለን?