ልጁ «አስቸጋሪ» የሆነው ለምንድን ነው? የስሜት ህዋሳት ችግርና ሕክምናው



አንዳንድ ልጅ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲቀመጥ ቢላ የተያዘበት ይመስል ይጮኻል። ሌላው የመስጂዱ ድምጽ ማጉያ ሲከፈት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ይሸሻል። ሌላዋ የሂጃቧ ስፌት ቆዳዋን ሲነካት አውልቃ ትጥለዋለች። በአንጻሩ ጉልበቱ ቆስሎ እየደማ ምንም የማይመስለው፣ ሲዘል፣ ሲሽከረከርና ከግድግዳ ጋር ሲላተም የሚውል ልጅም አለ።

ለእነዚህ ልጆች ሠፈሩ የሚሰጠው ስም አያጣም። «ቅብጥ ነው»፣ «አሳዳጊ የበደለው»፣ «ዓይን በልቶት ነው»፣ «ጂን ነክቶት ነው» ይባላል። በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆች ሲቀጡ እንጂ ወደ ሐኪም ሲወሰዱ ብዙም አላየሁም። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከምን ሊመጣ እንደሚችል፣ «ሴንሰሪ ኢንተግሬሽን ቴራፒ» የሚባለው ሕክምና ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

ህዋሳት አምስት ብቻ አይደሉም

በትምህርት ቤት የተማርነው ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስን ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው የሰውነት አቋም ስሜት፣ እንዲሁም ረሃብን፣ ጥማትንና ሽንትን የሚያሳውቀን የውስጥ ስሜት አለ። ዓይናችንን ጨፍነን እጃችንን ወደ አፋችን ማድረስ የምንችለው በሰውነት አቋም ስሜት ነው።

አእምሮ ከእነዚህ ሁሉ የሚደርሰውን መልእክት በየሰከንዱ ያጣራል። የለበስነው ልብስ ቆዳችንን እየነካው ቢውልም የማይታወቀን ለዚህ ነው። ማጣሪያው በሚገባ በማይሠራበት ልጅ ላይ ግን ትንሹ ድምጽ ትልቅ፣ ቀላሉ ንክኪ ሕመም ይሆናል። በሌላው ልጅ ላይ ደግሞ መልእክቱ ደክሞ ስለሚደርስ ልጁ በመዝለልና በመላተም ተጨማሪ ስሜት ይፈልጋል።

ይህ ችግር ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ አድርጎ አካቶታል። ነገር ግን ድምጽ ወይም ንክኪ የሚረብሸው ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

የሐሳቡ መሥራች አሜሪካዊቷ ዶክተር አና ጄን ኤይርስ ናት። ኤይርስ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ነበረች። ይህ ሙያ ሰዎች በመልበስ፣ በመመገብ፣ በመጻፍና በመሳሰሉት የዕለት ተግባራት ራሳቸውን እንዲችሉ የሚያግዝ ነው። ሐሳቧን የያዘው የመጀመሪያ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ሕክምናው ጨዋታ ነው የሚመስለው። ልጁ ዥዋዥዌ ይጫወታል፣ ይንጠላጠላል፣ በዋሻ መሰል ነገር ውስጥ ይድሃል፣ ከባድ ትራስ ይገፋል፣ እጁን አሸዋና ጥራጥሬ ውስጥ ይከታል። ባለሙያው ግን የእያንዳንዱን ጨዋታ መጠን ለልጁ አስልቶ ይመርጣል፤ ልጁ ሲረበሽ ይቀንሳል፣ ሲለምድ ይጨምራል። ማስገደድ የለም። እየጮኸ በግድ ዥዋዥዌ ላይ የሚቀመጥ ልጅ እየታከመ አይደለም።

በእርግጥ ይጠቅማል?

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አማና ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ በ32 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በ10 ሳምንት 30 ጊዜ ሕክምናውን ያገኙት ልጆች ቤተሰቦቻቸው ባስቀመጧቸው ግቦች ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ ገልጿል። በሌላ በኩል በእንግሊዝና በዌልስ 138 ልጆችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የወጣው ሰፋ ያለ ጥናት፣ ሕክምናው ከተለመደው አገልግሎት የተሻለ የጠባይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ፣ የስሜት ህዋሳት ችግርን ለብቻው እንደ በሽታ ስም መጠቀም እንደማይገባ፣ ሕክምናው ግን ከሌሎች ድጋፎች ጋር አንድ አካል ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል።

ስለዚህ ቴራፒው ለአንዳንድ ልጅ ጥሩ እገዛ ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝምን ግን አይፈውስም። «በጥቂት ወራት ፈጽሞ እናድነዋለን» ከሚል ሰው ገንዘባችሁንም ልጃችሁንም ጠብቁ። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ግቡ ምንድን ነው? በስንት ሳምንት ይገመገማል? ለውጡን በምን እናውቃለን? «ልጁ ይሻለዋል» ግብ አይደለም። «ጥርሱን ሳያለቅስ ይፍቃል» ግን ግብ ነው።

የት እንጀምር?

መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ጆሮውና ዓይኑ ይመርመር። ልጁ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ንግግሩ የዘገየ ወይም የነበረው ንግግር የጠፋ ከሆነ ጊዜ አትስጡ። በአገራችን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ገና ጥቂት ነው። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተውን የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት አሉ።

በቤትና በመድረሳ ማድረግ የምንችለው

ማዕከል ለማይደርስ ቤተሰብም ብዙ የሚሠራ ነገር አለ።

• ልብስ፦ የአንገት ምልክቱን ቁረጡ፤ ለስላሳ ጨርቅ ምረጡ።

• ንክኪ፦ ከኋላ መጥታችሁ በድንገት አትንኩት። አስቀድሞ ነግሮ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ለብዙዎቹ ይቀላቸዋል።

• ውዱእ፦ ለብ ባለ ውሃ፣ ውሃውን ራሱ እያፈሰሰ ይለማመድ።

• ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ፦ ሊጥ ማሸት፣ አቅሙን የሚመጥን ጀሪካን መሸከም፣ ወንበር መግፋት ብዙ ልጆችን ያረጋጋል።

• መስጂድና ዒድ፦ ከድምጽ ማጉያው ርቃችሁ ዳር ያዙ። ምን እንደሚያይና እንደሚሰማ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ሲበዛበት ይዛችሁት ውጡ።

• መድረሳ፦ ኡስታዞቻችን ሆይ፣ መቀመጥ የማይችለውን ልጅ ቆሞ ይቅራ፤ የጓደኞቹን ሉሕ ያመላልስ። የሚንቀሳቀሰው ለመስማት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። አለንጋ የአእምሮን ማጣሪያ አያስተካክልም፤ ልጁን ከቁርኣን ያርቀዋል እንጂ።

ሩቃስ?

በቁርኣንና በዱዓ ሩቃ ማድረግ ከሕክምና አያግድም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም ተወኩልን አያጎድልም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል። ነገር ግን በሩቃ ስም ልጅን መምታት፣ ማሰርና ማነቅ ከሩቃ አይደለም። ድምጽና ንክኪ በሚያሠቃየው ልጅ ላይ ደግሞ ሥቃዩ እጥፍ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ላይ ሆነው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ፣ እናቱን እንዳይከብዳት ሶላታቸውን ያሳጥሩ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ልጇ በመስጂድ ውስጥ ሲጮህ የምታፍር እናት ስናይ ፊታችንን ከማጥቆር ይልቅ ይህንን እናስታውስ። እሷ ከመስጂድ ከቀረች ልጇም አብሯት ይቀራል።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ለወላጆቻቸውም ሶብርን ይስጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።