በደምበጫ የተነሣው ፎቶግራፍ፤ ባለመብቱ ማን ነው?

በየቤቱ ግድግዳ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ «የእኛ ነው» ይባላል። ወረቀቱ በእውነት የቤቱ ነው፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ሌላ ያነሣው ሰውና የተነሣው ሰው እያንዳንዳቸው መብት እንዳላቸው ለአንባቢዎቻችን ልናስታውቅ እንወዳለን።

ምሳሌው ከጎጃም ተገኝቶልናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኮሎኔል ዊንጌትና ከብርጋዴር ሳንፎርድ ጋር በደምበጫ ምሽግ የተነሡት ሥዕል በሎንዶን በኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ይገኛል፤ መግለጫው ቀኑን ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ይለዋል። ያነሣው የእንግሊዝ ጦር ሰው ስለ ነበረ መብቱ ለእንግሊዝ መንግሥት ኾነ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ፎቶግራፍ 50 ዓመት ይጠበቅ ነበር፤ ይኸውም በ1984 ዓ.ም. ስለ ተፈጸመ ዛሬ ማንም ሊያትመው ይችላል። የጎጃም አርበኛ ልጅ የአባቱን ዘመን ለማየት ፊቱን ወደ ሎንዶን ማዞሩ ይቈጨናል፤ ሕጉ ግን አንሺውን እንጂ መሬቱን አይጠይቅም። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 ለአንሺው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይሰጠዋል።

ለቤተ ሰብ ይልቁን የሚያሠጋው የተነሣው ሰው ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 27 የሰው ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛ፥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለ ታወቀ ሰው፥ ስለ ሹም፥ በአደባባይም ስለ ተደረገ ነገር ግን ቍጥር 28 ፈቃድ አያሻም ይላል፤ የደምበጫው ሥዕል ከዚህ ወገን ነው።

በእልፍኝ ውስጥ የተነሣች ሙሽራ ግን ከዚህ ወገን አይደለችም። አባት ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ አንሺ አስጠርቶ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ፥ አንሺው ሥዕሏን አስፍቶ በሱቁ መስኮት ቢሰቅለው፥ ወይም ዛሬ እንደ ተለመደው በስልክ ለአገር ኹሉ ቢበትነው፥ «ያነሣሁት እኔ ነኝ» ማለቱ አያድነውም። ለአካለ መጠን የደረሰች እንደ ኾነች ፈቃዱ የአባቷ አይደለም፥ የባሏም አይደለም፤ የራሷ ነው። (ይህን ቃል የማይወዱ ታላላቅ ሰዎች እንዳሉ አላጣነውም።) ሥዕሉ እንዲወርድላት ለዳኛ ማመልከት ትችላለች። ለሞተ ሰውም ቢኾን፥ ክብሩ በሥዕሉ የተነካ እንደ ኾነ የቅርብ ቤተ ሰቡ ስለ እርሱ ይቆማል።

በችሎት ጸሓፊነታችን የምንመክረው ይህን ነው፤ ሒሳቡ ሲከፈል በደረሰኙ ጀርባ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፥ ዋናው በማን እጅ እንደሚቀር፥ በአደባባይ ይሰቀል ወይም አይሰቀል እንደ ኾነ ይጻፍ፤ አንሺው ይፈርም፥ ሙሽራዪቱም በገዛ እጇ ትፈርምበት።