ያውቁ ኖሯል? አጥንት ከመግጠሙ በፊት የደም ሥር ይበቅላል

አጥንት ደረቅ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ልብ ከሚረጨው ደም ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ወደ አጥንት እንደሚሄድ ያውቁ ኖሯል? በ2019 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ዱይስበርግ-ኤሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጥን ቅልጥም መርምረው፣ ጠንካራውን የአጥንት ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ በስተው የሚያልፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች አገኙ። አጥንት ሲሰበር እነዚህም አብረው ይበጠሳሉ።

በስብራቱ ዙሪያ የሚቋጠረው ደም የጥገናው መነሻ መሆኑንስ? በረጋው ደም መካከል ያሉ ህዋሳት ኦክስጅን ያጥራቸዋል። የታፈነ ህዋስ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፤ በአቅራቢያው ያሉት የደም ሥሮችም ወደዚያ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ኦክስጅን ሲያጥር ይህ ፕሮቲን እንደሚበዛ በ1992 በኔቸር መጽሔት ያሳየው የኤሊ ከሸት ቡድን ነው፤ በኢየሩሳሌም፣ በሂብሩ ዩኒቨርሲቲ። የሚገርመው፣ ጥናቱ ስለ አንጎል ዕጢ እንጂ ስለ አጥንት አልነበረም። ህዋስ የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቅ የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች የ2019ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ካንሰርና የሚድን ስብራት አንድ መሣሪያ ይጋራሉ። ዕጢ የራሱን የደም ሥር ካላበቀለ ሊያድግ እንደማይችል በ1971 የጻፉት የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን፣ የራቢ ልጅ ነበሩ። ዛሬ ቪኢጂኤፍን የሚያግደው አቫስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ቁስል እንዳይሽር ስለሚያደርግ፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በፊት ቢያንስ ለ28 ቀን እንዲያቆም ይደረጋል።

ያለ ደም ሥር ምን ይሆናል? በስብራቱ መካከል መጀመሪያ የሚሠራው፣ አፍንጫ ላይ እንዳለው ዓይነት የሚተጣጠፍ ልም አጥንት ነው። የደም ሥር ሰብሮ ሲገባበት ነው አጥንት ሠሪ ህዋሳት ተከትለው ገብተው የሚያጠነክሩት። በ1999 በታተመ ጥናት በሚያድጉ አይጦች ላይ ቪኢጂኤፍ ሲታገድ፣ ልም አጥንቱ እየወፈረ ቀረ እንጂ ወደ አጥንት አልተለወጠም፤ እገዳው ሲነሳ ሥራው እንደገና ቀጠለ። በ2002 ደግሞ ጭናቸው በተሰበረ አይጦች ላይ ተሞከረ። ፕሮቲኑ ሲታገድ ጥገናው ደከመ፤ ሲጨመር ተፋጠነ።

የሐሳቡ ዕድሜ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የስዊሱ ሐኪም አልብሬክት ፎን ሃለር የአጥንትን መነሻ ከደም ሥር ጋር ያያያዙት በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1963 ነገሩን በሰፊው የጻፉት ጆሴፕ ትሩኤታ ደግሞ ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው ኦክስፎርድ የገቡ የካታሎኒያ ሰው ነበሩ። 

አሁን ወደ ወጌሻ እንምጣ። በኦፕሬሽን ሙሴም ሆነ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤልን በ36 ሰዓት ወደ እስራኤል ባጓጓዘው ኦፕሬሽን ሰለሞን መጥተው ዛሬ አሽቀሎን ከተማ የሚኖሩ ብዙ አዛውንቶች፣ ያደጉት ለስብራት ወጌሻ በሚጠራበት አገር ነው። የተሰበረውን አቃንቶ፣ ቀርከሃ ወይም ቀጭን እንጨት ደግፎ ማሰር ትልቅ ሙያ ነው። መርሁም ትክክል ነው፤ ስብራቱ ከልክ በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አዲስ የሚበቅሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። አደጋው ያለው ማጥበቁ ላይ ነው። ከስብራት በኋላ እጅና እግር ማበጡ አይቀርም፤ እስሩ ግን አይሰፋም። ግፊቱ በመጀመሪያ ደም መላሹን፣ ቀጥሎ ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ይዘጋል። ጡንቻ ያለ ደም 6 ሰዓት ያህል ከቆየ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከጠበቀ እስር የተነሳ ጋንግሪን ሆኖባቸው እጅ ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ጉዳይ ተደጋግሞ ተጽፏል። እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ግን ሌላ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ የኢትዮጵያ ጥናት፣ ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ ከወሰዱ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚደረገው መቁረጥ በእጅጉ ቀንሷል። ወጌሻን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ማሠልጠን ደግሞ ርካሽ ነው።

ጀሶም ቢሆን ያው ነው፤ ሆስፒታል ያሰረው ስለሆነ አይጠብቅም ማለት አይደለም። ማስታገሻ የማያስቆመውና እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ጣት ሲዘረጋ የሚብስ ስቃይ፣ መደንዘዝ፣ የቀዘቀዘ ወይም የጠቆረ ጣት ካዩ ለቀጠሮው ቀን አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በአውራ ጣት በኩል፣ የእጅ አንጓ ላይ ያለችው ትንሽ አጥንት ደሟን የምታገኘው በአብዛኛው ከጣቶቹ በኩል ካለው ጫፏ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? መሃሏ ላይ ስትሰበር ወደ ክንድ የቀረበው ግማሿ ደም ይቋረጥበታል፤ አንዳንዴም ይሞታል። ስብራቱ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይም ይችላል። በእጅዎ ተደግፈው ወድቀው ከሆነና እዚያ ቦታ ላይ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፣ «ወለምታ ነው» ብለው አይተዉት።

የዳሌ መገጣጠሚያም እንዲሁ ነው። የጭን አጥንት አንገት ሲሰበርና ከቦታው ሲንሸራተት፣ አንገቱን ታክከው ወደ ራሱ የሚወጡት የደም ሥሮች ይቀደዳሉ። ስለዚህ ነው ሐኪሞች በአዛውንቶች ላይ ብዙ ጊዜ ማጋጠሙን ትተው በሰው ሠራሽ የሚተኩት። በእስራኤል ሆስፒታሎች፣ በ1961 የተከፈተውን የአሽቀሎኑን ባርዚላይ ጨምሮ፣ የዳሌ ስብራት ያገኛቸው አረጋውያን በ48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ማግኘታቸው ከአገራዊ የጥራት መለኪያዎች አንዱ ነው። «እናታችን ትንሽ ትረፍ፣ ቀዶው ይቆይ» ማለት ፍቅር ቢሆንም ጉዳት አለው፤ ረጅም መኝታ የሳንባ ምችና የደም መርጋት ያመጣል።

ሲጋራ? ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል፤ የአጫሽ ስብራት ዘግይቶ ይገጥማል፣ ሳይገጥም የሚቀርበት ዕድልም ይበዛል።

ስኳር በሽታም ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ ጥገናን ያዘገያል። ከኢትዮጵያ በመጡ ወገኖች ላይ በሽታው በመጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መታየት መጀመሩን የእስራኤል ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጽፈዋል።

አሽቀሎን በመጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና የተባለችው የፍልስጥኤማውያን ከተማ ናት። አርኪዮሎጂስቶች በ2016 ይፋ ባደረጉት የፍልስጥኤማውያን መቃብር ከ200 በላይ ሰዎች ተገኝተዋል። እንዲህ ባለ መቃብር የተገኘ አጽም የሚያነቡ ባለሙያዎች ሟቹ አጥንቱ ተሰብሮ መዳኑን ወይም ወዲያው መሞቱን የሚለዩት በስብራቱ ላይ አዲስ አጥንት መብቀሉን አይተው ነው፤ ደም ካልደረሰው የሚበቅል አጥንት የለምና።

አጥንትን በቀን 1 ሚሊሜትር ማስረዘም እንደሚቻልስ? የኩርጋኑ ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ በ1950ዎቹ ሳይቤሪያ ውስጥ በቀለበትና በሽቦ በሠሩት መሣሪያ፣ የተቆረጠውን አጥንት ቀስ እያሉ ይለያዩ ነበር።  ፍጥነቱ ሲበዛ የደም ሥሩ መከተል ያቅተዋል፤ ክፍተቱም በአጥንት ፈንታ በጠባሳ ይሞላል። ሲያንስ ደግሞ አጥንቱ ያለ ጊዜው ይገጥማል። በቶኪዮ ኦሎምፒክ የከፍታ ዝላይ አሸናፊ የነበረው ቫለሪ ብሩሜል በሞተር ሳይክል አደጋ የተሰባበረው እግሩ ብዙ ቀዶ ሕክምና ተሞክሮበት ሳይድን ቀርቶ፣ በመጨረሻ የዳነው እርሳቸው ዘንድ ሄዶ ነው።

ረጅም የአጥንት ቁራጭ ሲጠፋስ? የአውስትራሊያው ኢያን ቴይለርና ባልደረቦቻቸው በ1975 በታተመ ሥራቸው ከታችኛው እግር ሁለት አጥንቶች ቀጭኑን ከነደም ሥሩ አውጥተው በተጎዳው እግር ላይ ተከሉት፤ የደም ሥሩንም በማይክሮስኮፕ ሰፉት። አጥንቱ ደም ስለሚያገኝ በአዲሱ ቦታው በሕይወት ይቀጥላል፤ ሸክም ሲበዛበትም ይወፍራል። የሰጠው እግር ደግሞ የላይና የታች ጫፎቹ ከተተዉለት ያለ መካከሉ መራመድ ይችላል።