ኢንሱሊን በቆላ ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎና ደብረ ሲናን በስተኋላው ትቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርዳም ተራራ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የይፋት ቆላ በጥቂት ሰዓት ሲደርስ፣ ጋቢውን አውልቆ ጥላ መፈለጉ የታወቀ ነው፤ በሻንጣው የኢንሱሊን ጠርሙስ የያዘ እንደሆነ ግን ከራሱ አስቀድሞ ለመድኃኒቱ ጥላ መፈለግ ይገባዋል። ጉዞውን ቀጥሎ እስከ ማጀቴ ቢሻገርና በግንቦትና በሰኔ ሐሩር፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ቢያርፍ፣ መድኃኒቱ ሳይበላሽ የሚሰነብትበት ብልሃት አለ። ይህን ማስረዳት የሚያስፈልገው፣ «ማቀዝቀዣ የለኝምና መርፌው ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሕክምናውን መተው፣ ቆሽቱ ፈጽሞ ኢንሱሊን ለማያመነጭ የስኳር ሕመምተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ስለ ሆነ ነው።

ኢንሱሊን ቆሽት የሚያመነጨው፣ ከእህል የተገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። በ1913 ዓ.ም. ክረምት በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳት ቆሽት አውጥተውት፣ ጄምስ ኮሊፕ ካጣራው በኋላ፣ በጥር ወር 1914 ዓ.ም. ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶት ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ከዚያ በፊት እንደ እርሱ ያለ ልጅ ምግብ እየተከለከለ ዕለተ ሞቱን ከማራዘም በቀር ሌላ ተስፋ አልነበረውም። ንጥረ ነገሩ 51 አሚኖ አሲዶች በሁለት ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ፕሮቲን ነውና፣ ብርቱ ሙቀትና ኃይለኛ መናወጥ አፈጣጠሩን ያፈርሱታል፤ በረዶ መሆንም እንዲሁ ያጠፋዋል። ስለዚህ ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቀመጥ፣ የተከፈተው ደግሞ በመጠነኛ ሙቀት 4 ሳምንት ያህል እንዲያገለግል አምራቾች ያዝዛሉ።

ይህ ትእዛዝ ለቆላ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበርና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ፣ በጎረቤታችን በኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ሠፈር የሚታየውን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት መሠረት አድርገው ባካሄዱትና በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ምርምር፣ ኢንሱሊኑ በ4 ሳምንት ውስጥ ካለው ኃይል ከመቶ አንድ በላይ አለመቀነሱ ታይቷል። ከዚህ የምንረዳው፣ የቆላው ቤት ሙቀት ከ37 ዲግሪ እንዳያልፍ ማድረግ ከተቻለ ዋነኛው ሥጋት የተወገደ መሆኑን ነው፤ ይህንንም ለማድረግ የሸክላ ሠሪዋ እጅ ይበቃል።

ውኃ በሸክላ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ተን ሲለወጥ ከዕቃው ሙቀት ይወስዳል፤ አንድ ግራም ውኃ ከውርጭ እስከ ፍል ለማድረስ 100 ካሎሪ ሲበቃ፣ ያንኑ አንድ ግራም በቤት ሙቀት ወደ ተን ለመለወጥ ግን 580 ካሎሪ ያህል ይፈጃል። በእንስራ ያደረ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው አሸዋ መልቶ፣ አሸዋውን ጧትና ማታ ውኃ ማጠጣት፣ መድኃኒቱንም ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ በውስጠኛው ማሰሮ ማኖር፣ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ ይገባል። እዚህ ላይ እናቶቻችን ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ለወጥ የተሟሸ ማሰሮ ቀዳዳው በቅባት ስለ ተደፈነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ያልተሟሸ አዲስ ሸክላ ይፈለጋል። አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ቅዝቃዜው ይበረታል፤ በክረምት እርጥበት ይቀንሳል፣ ነገር ግን ያን ጊዜ ሐሩሩም ይበርዳል። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢትዮጵያን ጨምሮ የተለያዩ አገሮችን የሸክላ ማቀዝቀዣዎች የመረመሩ ሊቃውንትም ብልሃቱ በእርግጥ እንደሚሠራ መስክረዋል።

መድኃኒቱን ከመቅዳት በፊት ጠርሙሱን መመርመር ያሻል። ንጹሕ ውኃ የሚመስለው ኢንሱሊን ከደፈረሰ ተበላሽቷል፤ በተፈጥሮው ደመናማ የሆነው፣ ኤን.ፒ.ኤች. የተባለው ኢንሱሊን ደግሞ በመዳፍ መካከል በቀስታ ተንከባልሎ ከተቀላቀለ በኋላ ጓል ካሳየ ወይም በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ከተጣበቀ ይጣል። የተከፈተበት ቀን በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ።

የሰውና የእንስሳ ኢንሱሊን በአንድ ቤት ሊገናኝ ስለሚችል ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ማሾና ማሽላችንን ከአይጥ የምትጠብቀው ድመትም ከስኳር ሕመም ነጻ አይደለችም። የታመመችው ድመትም እንደ ሰው በየ12 ሰዓቱ ትወጋለች፣ በጊዜ ከተያዘችና ምግቧ ከእህል ወደ ሥጋ ከተመለሰ ደግሞ አንዳንዷ መርፌውን እስከ መተው ትደርሳለች። ለእንስሳት ከተዘጋጁት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ሲይዙ የሰው 100 ይይዛልና፣ የሰውን ኢንሱሊን በባለ 40 መርፌ ልኬት የቀዳ ሰው ሁለት ተኩል እጥፍ ይወጋል፤ ይህ ለድመትም ለሰውም ገዳይ ነው። ሁለቱ መርፌዎች በአንድ ቤት መገናኘት የለባቸውም።

ከማከማቸት ቀጥሎ የሚመጣው፣ እንደ እኔ አስተያየት ከሙቀቱም ይልቅ የሚያሳስበው፣ የማዕድ ሰዓት ነው። ማለዳ በ12 ሰዓት የተወጋ ኤን.ፒ.ኤች. ኃይሉ የሚበረታው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በይፋት ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙስሊሙም በረመዳን እስከ መግሪብ ሳይቀምስ የሚውል ሕዝብ ነውና፣ ማለዳ ተወግቶ እየጾመ በማሳው ላይ የሚያርስ ገበሬ መድኃኒቱ ሲበረታ ሆዱ ባዶ ይሆንበታል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገሩ ይምታታበታል፣ ካልተረዳም ይወድቃል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሕሙማን እንዳይጾሙ ፈቃድ ሰጥተዋል፤ ፈቃዱን የማይቀበል ካለ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሮ መጠኑንና ሰዓቱን ማስለወጥ አለበት እንጂ፣ በራሱ ሥልጣን መርፌውን መዝለል የለበትም። ላቡና መንቀጥቀጡ ሲጀምር ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው መድገም፣ ከዚያም እንጀራ መብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይፈስስም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው፣ ይህንንም ከሕመምተኛው ይልቅ የቤተ ሰቡና የእርሻ ባልንጀራው ማወቅ ይኖርበታል።