ዋንዛው ከመቆረጡ በፊት

በጎንደር ልጁን የሚድር ወይም አዲስ ቤት የሚገባ ቤተሰብ ወደ እንጨት ሥራ ቤት ጎራ ይላል። ከዳባትና ከደባርቅ የሚመጣም አለ። ብዙውን ጊዜ ስምምነቱ በቃል ነው፤ «ሰፋ ያለ ቁም ሳጥን» ይባልና ቀብድ ይከፈላል። ይሁን እንጂ «ሰፋ ያለ» የሚለው ቃል ለደንበኛው አንድ፣ ለአናጺው ሌላ ነው። ጠቡ የሚነሳው ዕቃው ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደግሞ የተቆረጠ ዋንዛ ተመልሶ አይቀጠልም። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ደባርቅ የደረሰ ዕቃማ እንዴት ይመለሳል?

መፍትሔው ዕቃውን አስቀድሞ በትንሹ ሠርቶ ማሳየት ነው። በ1 ለ10 መጠን 1 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ካርቶን፣ መቀስ፣ ማስመሪያና ኮላ ይበቃሉ። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ60፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሳጥን 20 በ16 በ6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እጅ ላይ ይያዛል።

የክፍሉም ወለል በዚሁ ልክ ይሣል። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው አልጋ ራስጌው ከአንዱ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ቁም ሳጥኑ በግርጌው በኩል ቢቆም፣ በመካከል የሚቀረው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የባለ ሁለት መዝጊያ ቁም ሳጥን አንዱ መዝጊያ ግን 80 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። በቃል ሲነገር ማንም የማያስተውለውን ይህን ችግር፣ ማንበብ የማይችሉ አያት ሳይቀሩ በካርቶኑ ላይ ያዩታል። አናጺውም መዝጊያውን ተንሸራታች ያደርገዋል ወይም ቦታውን ይቀይራል።

ነገሩ የልጅ ጨዋታ አይምሰለን። በወንበሮቹ ዓለም ያወቀው ዴንማርካዊው ሀንስ ዌግነር (እ.ኤ.አ. 1914–2007) ንድፎቹን በትንንሽ ሞዴል ይፈትን ነበር።

ሞዴሉ የማይናገረውም አለ። በደንብ ያልደረቀ እንጨት ኋላ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የእንጨቱ ዓይነትና ድርቀት፣ ውፍረቱ፣ ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን በጽሑፍ ይያዙ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1678 ውል የተደረገበት ጉዳይ በበቂ ሁኔታ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። በሐነፊ ፊቅህም «ኢስቲስናዕ» በሚባለው የማሠሪያ ውል የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና መልክ መታወቅ አለበት።

ውድ አንባቢያን፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሞዴሉን ጠይቁ። ሁለታችሁም ፈርሙበትና ዕቃውን እስክትረከቡ ድረስ አስቀምጡት።