የተሸሸገ ስም የሚያስከፍለው ዋጋ

ሰው ክብርንና መልካም ኑሮን መሻቱ ከተፈጥሮው የመጣ ስለ ሆነ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ክብሩ የተገኘው ማንነትን በመሸሸግ እንደ ሆነ፥ ለሰው ዓይን የማይታይ፥ ዕለት ዕለት ግን ከቤተ ሰብ ፍቅር ላይ የሚከፈል ዕዳ ይሆናል። ለዚህ ነገር ምስክር ትሆነን ዘንድ በኒው ዮርክ ከተማ የኖረችውን የወይዘሪት ቤል ዳ ኮስታ ግሪንን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደናል።

ይህች ሴት በ1879 ዓ.ም. (ዓመቱን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) በዋሽንግተን ከተማ ስትወለድ ስሟ ቤል ማሪየን ግሪነር ነበረ። አባቷ ሪቻርድ ግሪነር በ1870 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ኮሌጅ በመመረቅ ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ናቸው፤ ኋላም የሕግ መምህር፥ በሩሲያም በቭላዲቮስቶክ ከተማ የመንግሥታቸው ወኪል ሆነው አገልግለዋል።

በዚያ ዘመን ግን በአሜሪካ ከጥቁር የተወለደ ሰው ምንም ቢማር የሚከፈትለት በር ጥቂት ነበረ። በ1896 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፥ ጥቁርና ነጭ በባቡር ተለይተው እንዲቀመጡ የሚያዘውን ሕግ አጸደቀ። ባልና ሚስቱ በተለያዩ ጊዜ እናቲቱና ልጆቹ መልካቸው የቀላ ስለ ነበረ ከነጮች ተቈጥረው መኖርን መረጡ፤ ከአባታቸውም ስም የመጨረሻዪቱን ፊደል አስቀርተው ግሪን ተባሉ። ቤልም ስለ ጠይምነቷ የሚጠይቅ ቢኖር መልስ እንዲሆናት፥ ዳ ኮስታ የሚል ስም ጨምራ ዘሯ ከፖርቱጋል እንደ ሆነ አስነገረች።

በ1905 ዓ.ም. ባለጸጋው ጄ. ፒ. ሞርጋን የመጻሕፍት ቤታቸው ኀላፊ አድርገው ቀጠሯት። ዕውቀቷና ብልኅነቷ በጥቂት ዘመን ገነነ፤ በ1911 ዓ.ም. ካክስተን በ1485 ዓ.ም. ያተመውን የንጉሥ አርተርን ታሪክ በ42,800 ዶላር በጨረታ ገዛችላቸው። ሞርጋን በ1913 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላም በሥራዋ ጸናች፤ መጻሕፍት ቤቱ በ1924 ዓ.ም. ለሕዝብ ጥቅም በተሰጠ ጊዜ የመጀመሪያዪቱ ዲሬክተር ሆና እስከ 1948 ዓ.ም. አገለገለች።

ይህ ሁሉ የታየው ትርፍ ነው፤ ያልታየውን ኪሣራ ደግሞ እንመልከት። በሊቃውንት መካከል የኖረች ሴት አባቷ ሊቅ መሆናቸውን ለመናገር አልቻለችም። ሌላው በጉባኤ የሚመካበትን የአባት ስም እርሷ እንደ ነውር ሸሸገችው። አባቷ በ1922 ዓ.ም. በሺካጎ ሲሞቱ እርሷ በኒው ዮርክ በሌላ ስም የከበረች ነበረች። በ1950 ዓ.ም. ከመሞቷም በፊት የግል ወረቀቶቿን አቃጠለች። የሌሎችን ጽሕፈት ከጥፋት ስትጠብቅ የኖረች ሴት የራሷን ታሪክ ለእሳት ሰጠች።

ዳሩ ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በ1999 ዓ.ም. የሞርጋንን የሕይወት ታሪክ የጻፈች ደራሲ የቤልን ትውልድ ገለጸች፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በሺካጎ ሊፈርስ በተዘጋጀ ቤት ውስጥ የአባቷ ወረቀቶች በአሮጌ ሣጥን ተገኙ። በሕይወት ሳሉ የተለያዩት አባትና ልጅ ዛሬ ስማቸው በአንድነት ይነሣል።

እኛ በእርሷ ላይ አንፈርድም። በሩን የዘጋው ሕግና ልማድ ነበረ፤ አሜሪካም ሰውን በቀለሙ ከሥራ መከልከልን በመላ አገሪቱ በሕግ ያገደችው በ1964 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ሹመትና ሀብት ያለው አንባቢያችን ይህን ታሪክ ከገዛ ቤቱ ጋራ ያስተያየው። አባቱ ሸማኔ የነበረ ሰው ከፍ ባለ ጊዜ የወላጁን ሥራ ቢሸሽግ፥ ድኻ ዘመዱንም ከእንግዳ ፊት ቢያርቅ፥ ልጆቹ አያታቸው የሚያሳፍሩ መሆናቸውን፥ የአባታቸውም ፍቅር በሰው ፊት የሚለወጥ መሆኑን ይማራሉ። በኋላ እርሱ ራሱ በደከመ ጊዜ ይህንኑ ትምህርት ቢመልሱለት በማን ያዝናል?

ስለዚህ ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ስምና ሥራ ከራሳችን አፍ ይስሙ፤ ድኻ ዘመዳችንም እንግዳ ባለበት ቀን ከማዕዳችን ይቀመጥ። በመሥሪያ ቤት ሰውን የመቅጠር ሥልጣን ያለንም ትውልድን ትተን ሥራን እንመዝን፤ ያን ጊዜ ስሙን ለመሸሸግ የሚገደድ ሰው ይቀንሳል።